የኮኮናት ዘይት ለፀጉር፦ የትኛው ጠርሙስ፣ ስንት ማንኪያ፣ መቼ

ለፀጉር የሚገዛው የኮኮናት ዘይት ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ከትኩስ ኮኮናት ያለ ከፍተኛ ሙቀት የሚወጣው፣ መዓዛው ያልጠፋው “ቨርጂን” ሲሆን ብዙ ጊዜ በብልቃጥ ይሸጣል። ሁለተኛው ከደረቀ ኮኮናት የሚጨመቀው ነው፤ ብዙዎች በሰማያዊ ጠርሙሱ የሚያውቁት ፓራሹት፣ የሕንዱ ማሪኮ ኩባንያ ምርት፣ ከዚህ ወገን ነው። ሦስተኛው ደግሞ ፊቱ ላይ የኮኮናት ሥዕል ተለጥፎበት ውስጡ በአመዛኙ ሚኔራል ኦይል (ከድፍድፍ ነዳጅ የሚጣራ ዘይት) እና ሽቶ የሆነ ቅይጥ ነው።

ለፀጉር ብቻ ከሆነ ለቨርጂኑ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም፤ ደህናው ሰማያዊ ጠርሙስ ይበቃል። ቅይጡን ግን አንመክርም። ጠርሙሱን አዙሩና ከጀርባው ያለውን ዝርዝር አንብቡ፤ ከኮኮናት ዘይት ሌላ ምንም መጻፍ የለበትም። ሚኔራል ኦይል ወይም ፓራፊን ከተጻፈ መልሱት።

ከሚኔራል ኦይል ልዩነቱ የሚመጣው ላውሪክ አሲድ ከተባለው የቅባት ዓይነት ነው። የኮኮናት ዘይት ግማሽ ያህሉ ይኸው አሲድ ነው፤ ቅንጣቱ ትንሽና ቀጥ ያለ በመሆኑ ወደ ፀጉሩ ዘንግ ውስጥ ይገባል። ፀጉር ሲታጠብ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በዚህ መመላለስ ፕሮቲኑ እየታጠበ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሬሌና ሞሂሌ የተባሉ የሕንድ ተመራማሪዎች የኮኮናት፣ የሱፍና የሚኔራል ዘይቶችን አወዳድረው የፕሮቲኑን ብክነት የቀነሰው የኮኮናቱ ብቻ መሆኑን አሳይተዋል፤ ጤናማ ፀጉርም በኬሚካል የተጎዳ ፀጉርም ላይ። ስለዚህ ዋናው ጊዜው ከመታጠብ በፊት ነው። ታጥበው ከወጡ በኋላ መቀባትም በጥናቱ ብክነቱን ቀንሷል።

አዲስ አበባ ላይ ጠርሙሱ ረግቶ ነጭ ሆኖ ቢገኝ አትደንግጡ። ይህ ዘይት ከ24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ይረጋል፤ ድሬዳዋ ወይም ዱባይ ላይ ደግሞ ውሃ መስሎ ይቀመጣል። እንዲያውም መርጋቱ መፈተኛ ነው፦ ጥቂት በብርጭቆ ቀድታችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ንጹሑ እኩል ይረጋል፤ ከላዩ ወይም ከሥሩ ፈሳሽ ከተረፈ ሌላ ዘይት ገብቶበታል። “ፍራክሽኔትድ” የተባለው በብርድም አይረጋም፤ ማጭበርበር አይደለም፣ ግን ላውሪክ አሲዱ በአብዛኛው ስለወጣለት ለዚህ ጉዳይ አይሆንም።

የረጋውን ለማቅለጥ ጠርሙሱን ለ10 ደቂቃ ሙቅ ውሃ ውስጥ አቁሙት። ምድጃ ላይ አታስቀምጡት፤ ሳይታወቅ ግሎ የራስ ቆዳን ያቃጥላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጠቀሙ ከሆነ ክንዳችሁ እጥፋት ላይ ጠብታ ቀብታችሁ እስከ ማግሥቱ ጠብቁ።

ለአጭር ፀጉር 1 የሻይ ማንኪያ፣ ትከሻ ለደረሰ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ በጣም ረጅምና ጥቅጥቅ ላለ ቢበዛ 2። ደረቁን ፀጉር አራት ቦታ ክፈሉት፤ ከጫፍ ጀምሩና ወደ ላይ እየወጣችሁ ከሥሩ ሦስት ጣት ያህል ሲቀር አቁሙ። የሚሰበረው ጫፉ ነው፤ የራስ ቆዳ የራሱ ወዝ አለው። ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት በሻርፕ ሸፍናችሁ ቆዩ። ማሳደርም ይቻላል፣ ግን ግንባራቸው ብጉር የሚያወጣ ሰዎች ባያሳድሩት ይሻላል፤ ይህ ዘይት የቆዳ ቀዳዳ ይደፍናል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት አጠባጠቡ ላይ ነው። በቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ከታጠባችሁ ዘይቱ ፀጉሩ ላይ ይረጋና ሻምፖ አይነካውም፤ ከዚያ “ፀጉሬን አድርቆ አገዳ አደረገብኝ” ይባላል። ለብ ያለ ውሃ፣ ሁለት ዙር ሻምፖ፣ ከዚያ ኮንዲሽነር። በሳምንት 1 ጊዜ ይበቃል። እንደዚህም ታጥቦ ፀጉሩ እየደረቀና እየተሰበረ ከሄደ ወደ 2 ሳምንት አርቁት፣ ጫፉን ብቻ ቀቡ፤ ለውጥ ከሌለ ይህ ዘይት ለእናንተ ፀጉር አይደለም። ዘይት ያለበት ፀጉር ላይ ፒያስትራ አታሳርፉ።

ፎረፎር ያለበት ሰው የራስ ቆዳውን በዚህ ዘይት አይቀባ። ማላሴዚያ የተባለችው ፈንገስ የምትኖረው በቅባት ነው፤ ቅርፊቱ ለጊዜው የረጠበ ይመስላል እንጂ ማሳከኩ ሊብስ ይችላል። የልጆች የራስ ጭርትም በዘይት አይድንም፤ የሚዋጥ መድኃኒት ስለሚፈልግ ሐኪም ይየው። ሹሩባ በጣም ተጠብቆ ሲሠራ ግንባር ላይ የሚመለጠውንም ዘይት አይመልሰውም፤ መጥበቁን ማቆም ነው። “ፀጉር ያበቅላል” የሚል ጽሑፍ ያለበትን ጠርሙስ በዚህ ቃሉ አትግዙት። መሰበርን ስለሚቀንስ ርዝመቱ ይጠበቃል፤ ሥራው ይኼ ነው፣ ለአንድ ጠርሙስም ትንሽ አይደለም።

ከለጋ ቅቤ ጋር ለሚያወዳድሩት፦ ቅቤ ውስጥ ውሃና የወተት ቅሪት ስላለ ፀጉር ላይ ይቆመጥጣል፣ ሽታውም አይለቅም። የኮኮናቱ በዚህ ይበልጠዋል።

በብልቃጥ ካለ በእርጥብ ጣት አትንኩት፤ የገባ ውሃ ሻጋታ ያመጣል። በደረቅ ማንኪያ ቀንሱ፣ ከፀሐይ አርቁ። የቆየ ሳሙና የሚመስል ወይም የሚከረፍፍ ሽታ ካመጣ አብቅቶለታል፤ ስትጥሉት ግን ማጠቢያ ውስጥ አትድፉት፣ ቧንቧው ውስጥ ረግቶ ይዘጋዋል።