የአባዬን ግብር ለመዝጋት ያንኳኳኋቸው መስኮቶች

አባዬ ያረፈው የካቲት መጨረሻ ላይ ነው። እኔ አዲስ አበባ የገባሁት ግን ለቀብሩ ሳይሆን ለወረቀቱ ነው። ሦስት ሳምንት ፈቃድ፣ አንድ የላስቲክ ፋይል።

አባዬ ሰርቪሱን ያከራይ ነበር። ዘመድ ሁሉ «የሞተ ሰው ግብር ማን ይጠይቃል?» ይለኛል። ይጠየቃል። የሟች ዕዳ ከውርሱ ላይ ነው የሚነሳው። ቤቱን ወደ ስማችን እናዙር ስንል መጀመሪያ የተጠየቅነው ክሊራንስ፣ የግብር ዕዳ እንደሌለ የሚያሳየው ወረቀት ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ሙሉ ውክልና ስላለው በየዓመቱ ግብሩን የሚያሳውቀው እሱ ነው። ተዝናንተን ሄድን። የመስኮቱ ልጅ ውክልናውን አገላብጦ መለሰልን። «ወካዩ ካረፉ ውክልናውም የለም። የወራሽነት ማስረጃ ይዛችሁ ኑ።» ልክ ነው፣ ሕጉም ይህንኑ ነው የሚለው። ግን ለዚህች አንድ አረፍተ ነገር ግማሽ ቀን መሰለፍ ነበረብን?

የሞት ምስክር ወረቀቱ ፈጥኖ ወጣ። ችግሩ ስሙ ላይ ነው። የአያቴ ስም መታወቂያው ላይ በሃሌታው ሀ፣ ቲኑ (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ) ላይ በብዙኃኑ ኀ ተጽፏል። ስናነበው ያው ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት ሰው። አንድ ቢሮ ለዚህ ብቻ አራት ቀን አመላለሰን። የወራሽነት ማስረጃውን የሰጠን ፍርድ ቤት ደግሞ እንደፈራሁት አልከበደም፤ ደጃፉ ላይ ያሉት ማመልከቻ ጸሐፊ ነገሩን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ምስክሮቻችንም በሰዓቱ ተገኙ።

ከሁሉም የረካሁት በሒሳብ ባለሙያው ነው። የአባዬን የኪራይ ደብተር ተቀበለኝና የካቲት ላይ ሲደርስ በቀይ እስክሪብቶ አሰመረ። «ከሐምሌ 1 እስከዚህ የአባትህ ነው። ከዚህ ወዲያ የገባው የእናንተ ነው፣ በእናንተ ስም ይታወቃል» አለኝ። እኔ አሜሪካ ለሟች አክስቴ የመጨረሻውን 1040፣ የዓመቱን የገቢ ግብር ማሳወቂያ ፎርም ሞልቻለሁ። ነገሩ ያው ነው፤ እዚያ ፎርሙ ላይ መሞቷንና ቀኑን ጽፈህ እስከዚያ ቀን ያገኘችውን ታሳውቃለህ። ይህን ሰውዬ መጀመሪያ አግኝቼው ቢሆን አንድ ሳምንት ይተርፈኝ ነበር።

ግብር ቢሮ ሁለት ቀን «ሲስተም የለም» ተባልን። በሦስተኛው ቀን ያስተናገደችን ልጅ ኪቦርዱን ከመንካቷ በፊት «ነፍስ ይማር» አለችን። በዚያ ሁሉ መስኮት ይህን ያለን ሌላ ሰው አልነበረም። የስምንት ወሩን ኪራይ አስልታ፣ አስከፍላ፣ ቲኑን ዘጋችልን።

ክሊራንሱን ኤርፖርት መንገድ ላይ ታክሲ ውስጥ ነው በደንብ ያነበብኩት። የአያቴ ስም በሐመሩ ሐ ተጽፏል። ለወንድሜ ሳሳየው ሾፌሩን «ወንድሜ፣ አዙረው» አለው።