ጡረታችሁ የት ገባ? «ዶንት ባንክ ኦን ዘ ቦምብ» የተሰኘው የመረጃ አገልግሎት ሲገመገም

የኒውክሌር ጦር መሣሪያ እንዲወገድ የሚሟገቱ ሲቪል ማኅበራት ሥራ ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበን ሰላማዊ ሰልፍና የአቋም መግለጫ ነው። የኔዘርላንድሱ የሰላም ድርጅት ፓክስ እና የ2017 የኖቤል የሰላም ሽልማትን ያገኘው ዓለም አቀፉ የፀረ ኒውክሌር መሣሪያ ዘመቻ አይካን የሚያዘጋጁት «ዶንት ባንክ ኦን ዘ ቦምብ» ግን ሌላ መንገድ መርጧል፤ መሣሪያውን ለሚያመርቱ ኩባንያዎች ማን እንደሚያበድርና አክሲዮናቸውን ማን እንደያዘ በስም እየጠራ ያሳያል። ሪፖርቶቹን ማንም ያለ ክፍያ ማንበብ ይችላል።

በ2024 መጀመሪያ የወጣው ሪፖርት 24 አምራቾችንና ከእነርሱ ጋር የገንዘብ ትስስር ያላቸውን 287 የፋይናንስ ተቋማት ይዘረዝራል። ከታላላቆቹ ባለአክሲዮኖች መካከል ግዙፎቹ የአሜሪካ የኢንቨስትመንት ኩባንያዎች ቫንጋርድና ብላክሮክ መገኘታቸው የሚያስገርም አይደለም። በእኔ ግምት የአገልግሎቱ ዋጋ ያለው ከተቋማቱ ዝርዝር ይልቅ ስለ እያንዳንዱ ኩባንያ በቀረበው ማብራሪያ ላይ ነው። ኖርዝሮፕ ግረማን የአሜሪካን ሚኒትማን 3 ሚሳይሎች የሚተካውን ሴንቲኔልን ይሠራል፤ ቦይንግ ደግሞ ቢ61-12 የተባለውን ቦምብ ወደ ዒላማው የሚመራውን የጅራት ክፍል ያቀርባል። ቢ61 አሜሪካ በአውሮፓ በሚገኙ የኔቶ አባል አገሮች የጦር ሰፈሮች የምታስቀምጠው የቦምብ ዓይነት ስለሆነ፣ ኔዘርላንድስ ውስጥ ሮተርዳም ተቀምጦ ከደመወዙ ለጡረታ የሚቆረጥበት ሠራተኛ ገንዘቡ እስከ ራሱ አገር የጦር ሰፈር ድረስ በምን መንገድ ሊደርስ እንደሚችል ከማብራሪያው መረዳት ይችላል።

የአገልግሎቱ ኃይልም ድካምም ጎልቶ የሚታየው እዚያው ኔዘርላንድስ ላይ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ፈንድ የሆነው ኤቢፒ ከዓመታት ውትወታ በኋላ በጥር 2018 ከኒውክሌር መሣሪያ አምራቾች ገንዘቡን እንደሚያወጣ አስታወቀ። ይህ ትልቅ ድል ነው። የመንግሥትን ፖሊሲ በተመለከተ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። ከ40 ሺህ በላይ ዜጎች የፈረሙበት ጥያቄ ፓርላማ ደርሶ ክርክር ካስነሳ በኋላ፣ ኔዘርላንድስ በ2017 በኒውክሌር መሣሪያ እገዳ ስምምነት ድርድር ላይ የተቀመጠች ብቸኛዋ የኔቶ አባል ሆነች፤ ድምፅ ሲሰጥ ግን 122 አገሮች ሲደግፉ ስምምነቱ ከኔቶ ግዴታዎቿ ጋር አይሄድም ብላ ብቻዋን ተቃወመች። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሩድ ሉበርስ በ2013 በቮልከል የአየር ኃይል ሰፈር 22 የአሜሪካ ቦምቦች እንዳሉ በይፋ ተናግረዋል፤ በ2024 ደግሞ የአገሪቱ ኤፍ-35 የጦር አውሮፕላኖች የኒውክሌር ተልዕኮውን፣ ማለትም ካስፈለገ እነዚህን ቦምቦች የመጣል ኃላፊነትን፣ ከኤፍ-16 ተረክበዋል። የጡረታው ገንዘብ ወጣ፣ ተልዕኮው ግን ቀጠለ። ኔቶም በ2022 የስትራቴጂ ሰነዱ የኒውክሌር መሣሪያ እስካለ ድረስ የኒውክሌር ኅብረት ሆኖ እንደሚቀጥል በግልጽ አስፍሯል። ሪፖርቶቹን ብቻ የሚያነብ ሰው ግን ባንኮችን ማሳፈር ኅብረቱን ማሳመን ሊመስለው ይችላል።

ሌሎች ጉድለቶችም አሉ። በአክሲዮን ረገድ የሚመዘገበው ከኩባንያው 0.5 በመቶና ከዚያ በላይ የያዘ ተቋም ስለሆነ፣ የአንድ ባንክ ስም አለመጠቀሱ ንጹሕነቱን አያረጋግጥም። እንደ ሩሲያና ሰሜን ኮሪያ ያሉ አገሮች መሣሪያቸውን የሚያመርቱት በመንግሥት ተቋማት ስለሆነ፣ አንባቢው ነገሩ የምዕራባውያን ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ እንዲያስብ በር ይከፍታል፤ ምንም እንኳ ይህ የአዘጋጆቹ ጥፋት ባይሆንም። ሪፖርቶቹን ለማንበብም እንግሊዝኛ ማወቅ ብቻ ሳይሆን ከቦንድና ከአክሲዮን ቋንቋ ጋር መተዋወቅ ያስፈልጋል።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ። በአውሮፓ ተቀጥረው ለጡረታ የሚቆረጥባቸው ወገኖቻችን መጀመሪያ የኩባንያዎቹን ማብራሪያ አንብበው፣ ቀጥለው የፈንዳቸውን ስም በዝርዝሩ ቢፈልጉ ይሻላል። ስሙ ባይገኝም እንኳ ፈንዱ በኒውክሌር መሣሪያ አምራቾች ላይ ያለውን ፖሊሲ በጽሑፍ እንዲያሳውቃቸው መጠየቅ ይችላሉ፤ በጥያቄው ውስጥ የአምራቹንና የመሣሪያውን ስም መጥቀስ ደግሞ በጥቅል መልስ እንዳይሸኙ ይረዳቸዋል።