ከ14 ወር በኋላ፦ ባለ 5 ደርቡ የብረት ሸልፍ ጋራዣችን ውስጥ

አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ታውንሃውስ ውስጥ ነው የምንኖረው፣ ጋራዣችን የአንድ መኪና ነው፣ ግን ቤቱን ከገዛን 4 አመት ሙሉ መኪና ገብቶበት አያውቅም ነበር። ካርቶን፣ ሻንጣ፣ የልጆች ጋሪ፣ ሁለት ምጣድ፣ የጤፍ ከረጢት፣ ከድሮው አፓርታማ ይዘነው መጥተን አንድ ቀን እንኳን ያልከፈትነው ዕቃ ምናምን። ባለፈው አመት ማርች ላይ በቃ አልኩና ብሎን የማያስፈልገውን የብረት ሸልፍ ሁለት ገዛሁ፣ 72 ኢንች ቁመት፣ 48 ኢንች ስፋት፣ 24 ኢንች ጥልቀት ያለውን። ሰው ሲጠይቀኝ ስለነበር ክረምትም በጋም ካየሁት በኋላ ልጻፍ ብዬ ነው የቆየሁት።

መገጣጠሙ ቀላል ነው። ቋሚው ብረት ላይ ከላይ ሰፋ ከታች ጠበብ ያለ ቀዳዳ አለ፣ የአግዳሚውን ጉጥ እዛ ውስጥ ትከቱና በጎማ መዶሻ ወደታች ስትመቱት ይነክሳል። የመጀመሪያው አንድ ሰአት ተኩል ፈጀብን፣ ሁለተኛው 40 ደቂቃ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ የጋራዥ ወለል ውሃ ወደ ውጪ እንዲወርድ ተብሎ ወደ በሩ ዘመም ተደርጎ ነው የሚሰራው፣ ስለዚህ ሸልፉ በአይን ቀጥ ያለ ቢመስልም ውሃ ልክ ሳስቀምጥበት ወደ በሩ አዘንብሏል። በበሩ በኩል ካሉት እግሮች ስር ጎማ ቆርጬ አስገባሁና ተስተካከለ። ከግድግዳ ጋር የሚያስረውን ብረት ደግሞ ነገ ዛሬ እያልኩ ሳምንት አሳለፍኩ፣ አንድ ቀን ከስራ ስገባ የ5 አመቷ ልጄ ሁለተኛው ደርብ ላይ ቆማ ወደ ላይ እጇን ስትዘረጋ አገኘኋት። ልቤ ቀጥ ነው ያለው። የዛኑ ማታ አሰርኩት፣ ጂፕሰሙ ላይ ሳይሆን ከኋላው ያለው ቋሚ እንጨት ላይ፣ ብዙ ቤት በየ16 ኢንቹ ነው የሚገኘው። ልጅ ያለው ሰው ዕቃ ከመጫኑ በፊት ይሰር፣ እባካችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ። ብረቱ ምንም አይወጣለትም፣ 14 ወር ሙሉ አልተጣመመም አልዛገም። ጣውላ ተብሎ የተሰጠን ግን ችፑድ ነው፣ እሱም ቀጭን። ካርቶኑ ላይ በደርብ 800 ፓውንድ ይችላል ይላል፣ ቁጥሩ ግን ክብደቱ ሙሉ ደርቡ ላይ እኩል ሲበተን ነው፣ እኛ ደግሞ 6 እሽግ የታሸገ ውሃ መሀል ላይ ከመርን፣ 160 ፓውንድ ቢሆን ነው። እስከ ጁን ደህና ነበር። ጁላይና ኦገስት ላይ የዚህ አገር ወበቅ ሲመጣ ችፑዱ እርጥበት ጠጣ፣ ጠርዙ እንደራሰ ዳቦ አበጠ፣ መሀሉ አውራ ጣቴን የሚያክል ወደታች ሰረገደ፣ ውሃውን አንስቼ እንኳን አልተመለሰም። ሴፕቴምበር ላይ ከሁለቱም ሸልፍ የታችኞቹን ሶስት ሶስት አውጥቼ በኮምፔንሳቶ ቀየርኩት፣ ሶስት አራተኛ ኢንች ውፍረት ያለው፣ ሱቁ ራሱ በልኬ ቆረጠልኝ፣ ጠርዙን ቀለም ቀባሁት። ከዛ ወዲህ የጤፉን ከረጢትም ምጣዱንም ተሸክሞ ቀጥ ብሎ ነው ያለው። ስለዚህ ስትገዙ የኮምፔንሳቶውን ዋጋ ከመጀመሪያው ጨምራችሁ አስቡት።

ሳጥኖቹስ? መጀመሪያ ውስጡ የሚታየውን ገዛን፣ ጃንዋሪ ላይ ብርዱ ሲጠና የሁለቱ ክዳን ስከፍተው ጠርዙ ተሰበረ። ጥቁሮቹ ወፍራም ፕላስቲኮች ምንም አልሆኑም። አይታይም እንዳትሉ፣ በሁለት በኩል ወረቀት ለጥፌ በማርከር ጽፌበታለሁ። ካርቶን ግን አንድም አላስቀረሁም፣ ጋራዥ ውስጥ ካርቶን ማለት ለበረሮ ቤት መስራት ነው። ትልልቆቹ ሳጥኖች ደግሞ 30 ኢንች ገደማ ርዝመት ስላላቸው እኛ ሸልፍ ላይ ወደ ውጪ ይወጣሉ፣ መጀመሪያ ለኩ።

ከባዱ ስራ ግን ሸልፉ አልነበረም፣ መለየቱ ነበር። እናቴ ያኔ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋር ነበረች፣ እኔ እጥላለሁ ብዬ የለየሁትን እሷ መልሳ ታነሳዋለች። የህጻን ጃኬት አንስታ ዚፑን ወደላይ ወደታች አደረገችና "ደህና ነው እኮ ልጄ፣ ይሄንን የሚለብስ ልጅ ጠፍቶ ነው?" አለችኝ። እውነቷን ነው። እና ተስማማን፣ አንድ ደርብ ሙሉ ለአገር ቤት የሚሄድ ብቻ ይሁን ተባለ። እሷ እያጠፈች እኔ እየመዘንኩ፣ የሻንጣ ሚዛን ላይ እያንጠለጠልን 20 ኪሎ ሲሞላ በከረጢት እናስርና ክብደቱን እንጽፍበታለን። ሻንጣው ራሱ ሲጨመር 23 ኪሎ ውስጥ ይገባል። እሷ ስትመለስ ሁለት ይዛ ሄደች፣ ከዛ በኋላ ወንድሜም ጓደኛዬም ሲሄዱ አንዳንድ ወሰዱልን፣ ድሮ ሰው ሊሄድ ሲል ሌሊቱን ሙሉ የነበረው ግርግር ቀረ። ረከቦቱና ጀበናው ደግሞ አይን ቁመት ላይ ናቸው፣ ለእሁድ ቡና ስንፈልገው ማንም አይጨነቅም።

ያላስቀመጥኩት ነገርም አለ። የባርቢኪው ጋዝ ሲሊንደር ጋራዥ ውስጥ አይገባም፣ ውጪ ነው ቦታው። የግድግዳ ቀለም ብርዱ ካገኘው ስለሚበላሽ ቤት ውስጥ አስገባሁት። የውሃ ማሞቂያው ዙሪያ ደግሞ ባዶ ነው የተውኩት፣ የኛ በጋዝ ነው የሚሰራው።

ድጋሚ እገዛዋለሁ ወይ? ብረቱን አዎ፣ እንዲያውም ሶስተኛ ልጨምር ነው፣ አሁን ግን 18 ኢንች ጥልቀት ያለውን። የ24ቱ በዕቃ ጥሩ ነው፣ መኪናው ሲገባ ግን ባለቤቴ በሷ በኩል በሩን ግማሽ ብቻ ነው ከፍታ የምትወጣው። እናንተ መኪናችሁን አስገብታችሁ፣ በሩን እስከመጨረሻው ከፍታችሁ፣ ከዛ ወደ ግድግዳው የቀረውን ለኩ።