ደሴ ሪፈራል ካንሰር ክፍል ላለችው ሲስተር፣ ከአባዬና ከእኔ

ብዙ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ይሄን ሳልጽፍ ብቀር ግን ህሊናዬ አያስተኛኝም። በቤታችሁ እድሜው የገፋ ሰው በካንሰር ታሞባችሁ፣ "ኬሞ የሚባለውን መድሃኒት ይውሰድ ወይስ ይቅርበት?" እያላችሁ የምትጨነቁ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

አባዬ 79 ዓመቱ ነው። ልብስ ሰፊ ነው። "ነበር" አላልኩም፣ ነው። ሰኞ ገበያ አካባቢ በረንዳ ላይ ሲንጀሩን ዘርግቶ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ይሰፋል። የስንቱን የደሴ ልጅ ዩኒፎርም እንደሰፋ እሱም አያውቀው። ብር የሌለው ወላጅ ሲመጣ "ግድ የለም፣ ጥቅምት ላይ ታመጣዋለህ" ይላል። ጥቅምት ሲደርስ ይረሳዋል። እናቴ ነፍሷን ይማረውና እስክትሞት ድረስ በዚህ ነገር እንደተነታረኩ ነው የኖሩት።

ባለፈው ዓመት ሆዱን ያመው ጀመር። ደም ሲያይ ደበቀን። እኔ ኮምቦልቻ ነው የምሰራው፣ በሳምንት አንዴ ነው የማየው። አብራው የምትኖረው የእህቴ ልጅ ናት የነገረችኝ። ከብዙ ምልልስ በኋላ ትልቁ አንጀቱ ላይ ካንሰር ነው ተባለ። ኦፕራሲዮን ሆነ፣ አልሀምዱሊላህ በደህና ወጣ። ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እብጠቱ ወጥቷል፣ ግን አጠገቡ ያሉ ንፍፊቶች ላይ የበሽታው ዘር ተገኝቷል፣ ተመልሶ እንዳይመጣ ኬሞ ይታሰብበት አሉን።

እስቲ የገጠመንን ልንገራችሁ። ስም አልጠራም።

መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ ሐኪሙ ወረቀቱን አየና አባዬ እዚያው ተቀምጦ እያለ ለእኔ "በዚህ እድሜ ምን ያደርግላችኋል? ውሰዱትና ቤቱ ይረፍ" አለኝ። አባዬ ጆሮው ትንሽ ደከም ብሏል፣ እንዲህ ያለው ነገር ግን አያመልጠውም። ደረጃውን ስንወርድ አንድ ቃል አልተናገረም። ሁለተኛው ቦታ የዚህ ተቃራኒ ነው። ከጠዋት ጀምሮ እስከ 8 ሰዓት ወረፋ ጠበቅን። ገባን። "ነገ ይጀምር፣ ሂዱ ክፈሉ"። "አያደክመውም ወይ?" ብዬ ጠየቅኩ። "ሐኪሙ ማነው፣ እኔ ነኝ አንተ?" አለኝ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አባዬን ቀና ብሎ አላየውም። አንድ ጊዜ እንኳን! ስሙንም አልጠራውም፣ "ታካሚው" ነው ያለው። በዚያች ቀን የተሰማኝን ንዴት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ለአላህ ሰጥቻቸዋለሁ።

ከዚያ ቤተሰቡ ተነሳ። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ "ዛሬውኑ አምጡት፣ እዚህ ይጀምር" ይላል። 400 ኪሎ ሜትር፣ ቁስሉ ገና ሳይጠግግ። ጅዳ ያለችው እህቴ በኢሞ እየደወለች "ኬሞ ነው ሰውን የሚገድለው፣ እንዳትነኩት" እያለች ታለቅሳለች። አክስቴ ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሳ መጣች። ጎረቤታችን እማማ ጸበል በጀሪካን አመጡ፣ አባዬ "የእርስዎንማ አልመልስም" ብሎ ተቀበላቸው። ወሎ አይደል። ሁሉም ስለ አባዬ ይከራከራል፣ አባዬን የጠየቀው ግን የለም። እኔም ጭምር። ይባስ ብለን የበሽታውን ስም ደብቀነው ነበር። "የአንጀት ቁስለት ነው" ብለነዋል።

አንድ ቀን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚኒባስ ስመጣ፣ የሀረጎን ዳገት እየወጣን፣ አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ የያዝኩትን የምርመራ ፖስታ አይታ "ማን ታሞብህ ነው?" አለችኝ። ነገርኳት። "ደሴ ሪፈራል ካንሰር ክፍል አንዲት ሲስተር አለች፣ እናቴን የያዘችልኝ እሷ ናት። እዚያ ውሰዳቸው" አለችኝ። ያቺን ሴትዮ ስሟን እንኳን አልጠየቅኳትም። ይሄን ካነበብሽ አላህ ይስጥሽ።

እውነቱን ለመናገር ተስፋ አድርጌ አልሄድኩም። ያ ሆስፒታል በ2014ቱ ጦርነት ምን እንደደረሰበት የደሴ ሰው ያውቃል። ገባን። ሲስተሯ ወረቀቱን ከእጄ ተቀበለችና ሳታነበው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ወንበሯን ስባ አባዬ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

"አባባ፣ ስለ ህመምዎ ያለውን ሁሉ ለእርስዎ ልንገርዎት? ወይስ ለልጅዎ ብነግረው ይሻልዎታል?"

አባዬ እኔን አየኝ። "ለሱማ ነግረውታል። ሰሞኑን እንደ ሌባ እየሸሸ ነው የሚያየኝ። ለኔው ንገሪኝ" አላት።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሷ ግን ነገረችው። ቀስ ብላ፣ የበሽታውን ስም ጠርታ። እሱም "ጠርጥሬ ነበር" ብሎ ዝም አለ። ምንም አልሆነም። ወር ሙሉ የፈራነው ነገር ይሄው ነበር።

ከዚያ መጠየቅ ጀመረች። ባለፉት 6 ወራት ወድቀው ያውቃሉ? ማን ነው የሚያበስልልዎት? የደም ግፊት መድሃኒትዎን ራስዎ ነዎት የሚያስታውሱት? "እስቲ ከወንበሩ ይነሱና እስከ በሩ ደርሰው ይመለሱ" አለችው። ሰዓቷን ሰረቅ አድርጋ ስታይ አየኋት። ለካ እሱም ምርመራ ነው። "ከስተዋል?" ስትለው "ሱሪዬን ወገቡን ሁለት ጣት አጥብቤዋለሁ" አላት። "ማን አጠበበልዎት?" "እኔው ነኛ!"

"በእጅዎ ነው የሚሰሩት ማለት ነው?" አለችው። አባዬ መልስ አልሰጣትም። የኮቱን ኮሌታ ገልበጥ አደረገ። እዚያ ሁልጊዜ አንድ መርፌ ሰክቶ፣ ጥቁር ክር ጠምጥሞበት ይዞራል። መነጽሩን አደረገ፣ ክሩን በምላሱ አራሰ፣ በሁለተኛው ሙከራ አስገባው። ከዚያ ቀና ብሎ "ልጄ፣ ኪስሽ ተቀዷል" አላት። እውነትም የጋዋኗ ኪስ ከአንድ ጎኑ ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል። ውጭ ወረፋው ሞልቷል፣ በሩ ይንኳኳል። እሷ ግን ቆመችለት። አባዬ ቁጭ እንዳለ ያን ኪስ ሰፋላት። ክሩን በጥርሱ ቆረጠ።

አሁን ይሄን ስጽፍ እንኳን እንባዬ ይመጣል። ሆስፒታል ከገባን ጀምሮ ሰው መሆኑ የተሰማው ያኔ ነው።

ከዚያ ካርዱ ላይ ስትጽፍ አጮልቄ አየሁ። "ልብስ ሰፊ። ኑሯቸው በጣታቸው ነው" ይላል።

ዶክተሩ ጋ ስንገባ መጀመሪያ ያነሳው ያችን ጽሁፍ ነው። ሁሉም አልገባኝም፣ የገባኝን ልበል። ሁለት መድሃኒት አብሮ መስጠት ይቻላል። አንደኛው ግን ጣት ያደነዝዛል፣ ብርድ ሲነካው ደግሞ ይብስበታል። ቀዝቃዛ ውሃ፣ ቀዝቃዛ ብረት መያዝ አይሆንም፣ ድንዛዜው ለወራት ሊቆይም ይችላል። አስቡት፣ የደሴን የህዳር ጠዋት፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን ብርድ፣ የአባዬን የብረት መቀስ! ከ70 በላይ ለሆነ ሰው ደግሞ ያንን መድሃኒት መጨመር የሚያመጣው ትርፍ ትንሽ ነው አለን። ሌላው መንገድ ሁለተኛውን መድሃኒት፣ ክኒኑን፣ ብቻ መውሰድ ነው፣ 14 ቀን ውጦ 7 ቀን እያረፉ። እሱም መዳፍ ሊያቀላና ሊልጥ ስለሚችል መጠኑ እየታየ ይሰጣል። ሶስተኛው ምንም ሳይወስዱ በክትትል መቆየት ነው። "ባይወስዱትም ላይመለስ ይችላል፣ ወስደውትም ሊመለስ ይችላል። እድሉን ይቀንሳል እንጂ ዋስትና አይደለም" አለው። እስከዚያ ድረስ እንዲህ ቁርጡን የነገረን ሰው አልነበረም። ስለ እድሜ ስጠይቀው ደግሞ "የማየው የልደት ቀኑን ሳይሆን ሰውየውን ነው፣ ኩላሊቱን፣ ልቡን፣ አረማመዱን" አለኝ። ዶክተርም ተባረክ።

አባዬ ወደ ሲስተሯ ዞረ። "ብተወውስ? በሽተኛችሁ አይደለሁም ማለት ነው?"

"ቢተዉትም የእኛው ነዎት" አለችው። "ሲያምዎትም ሲሻልዎትም ይመጣሉ።"

አንድ ሳምንት ጠየቀ። ሳምንቱን ሙሉ በረንዳው ላይ ሲሰፋ ከረመ። አርብ ከጁምዓ መልስ "ክኒኑን እሞክራለሁ፣ እጄን ከነካኝ እተወዋለሁ፣ ማንም እንዳይጨቀጭቀኝ" አለ። አለቀ።

ሲስተሯ ስልክ ቁጥሯን ሰጠችን። ቴርሞሜትር አስገዛችን። "38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን አምጡት፣ ፓራሲታሞል ሰጥታችሁ እንዳታሳድሩት" ብላ የእህቴን ልጅ ሶስት ጊዜ አስደገመቻት። በቀጠሮ በሄድን ቁጥር መጀመሪያ የምታየው መዳፉን ነው። ገልብጣ፣ ጣት በጣት።

ከ8 ዙር 4ቱን ወሰደ። በሶስተኛው መዳፉ ቀልቶ ተላጠ፣ ተቅማጥም ያዘው፣ መጠኑን ቀነሱለት። አራተኛውን ጨርሶ "በቃኝ" አለ። እኔ ሊቆጡት ነው ብዬ ነበር። ማንም አልተቆጣውም። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ግን ስልክ ላይ ጮኸብኝ። ሲስተሯ ስልኩን ተቀበለችኝና ኮሪደሩ ጫፍ ሄዳ አናገረችው። ምን እንዳለችው እስከ ዛሬ አላውቅም። በሳምንቱ ለአባዬ አዲስ ጃኬት ላከ። አባዬ ሳይለብሰው እጅጌውን ፈትቶ አሳጠረው።

ዛሬ በሳምንት ሶስት ቀን በረንዳው ላይ ነው። በየሶስት ወሩ ይታያል። የነገውን አላህ ያውቃል። እኔ የማመሰግናት አዳነችው ብዬ አይደለም። አባቴን ጠይቃዋለች፣ ሰምታዋለች፣ ለዚህ ነው።

ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች፣ "ሁላችንም ነን የምንሰራው" ብላ። ክፍሉ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ታገኟታላችሁ። ማልዳችሁ ሂዱ። የሚወስዷቸውን መድሃኒቶች ሁሉ በፌስታል ሰብስባችሁ ያዙ፣ የግፊቱንም የስኳሩንም፣ ጥቁር አዝሙዱንም ሳትደብቁ። ከሁሉ በላይ ግን አባታችሁን ወይ እናታችሁን ራሳቸውን ይዛችሁ ሂዱ። ወረቀት ብቻ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ሂዱ፣ ሂዱ፣ ሂዱ! አብሽሩ።

ይሄን ለአባዬ አነበብኩለት። ሁሉንም ዝም ብሎ ሰማና አንድ ነገር ጨምርበት አለኝ። ነጭ ጋዋን በጥቁር ክር መስፋቱ እስከ ዛሬ ያሳፍረዋል። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ነጭ ክር ገዝቷል፣ ኪሱን ፈትቶ ይሰፋላታል።