«ቦሮው ሚ» ለምትሉ ሁሉ

ሜክሲኮ ጋ ከአዟሪ በ150 ብር የገዛኋት ትንሽ የእንግሊዝኛ ግሶች መጽሐፍ፣ ስሟን ልተወውና፣ ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ሳምንት ከረመች። ሥራዋ አንድ ነው። የሚምታቱ ግሶችን ጥንድ ጥንድ አድርጋ ታስረዳለች።

ምርጧ ገጽ የ«ሌንድ» እና የ«ቦሮው» ናት። እኔ ራሴ ስንት ዓመት «እስክሪብቶህን አውሰኝ» ለማለት «ቦሮው ሚ ዩር ፔን» ስል ኖሬያለሁ! የሚሰጠው «ሌንድ» ያደርጋል፣ የሚወስደው «ቦሮው»። እኛ «አበደረ» እና «ተበደረ» ስንል የፊቷን ፊደል ብቻ እንቀይራለን፣ ፈረንጅ ግን ቃሉን ራሱን ነው የሚቀይረው፣ በዚያ ላይ እኛ ብር እንበደራለን እስክሪብቶ ደግሞ እንዋሳለን፣ እነሱ ጋ ለሁለቱም «ቦሮው» ይበቃል። ከአማርኛው ተነስታ ማስረዳቷ በጣም ተመችቶኛል። «ራይዝ» እና «ሬይዝ»ም እንደዚሁ። ፀሐይ በራሷ «ራይዝ» ታደርጋለች፣ እጅህን ግን አንተ ነህ «ሬይዝ» የምታደርገው።

«ላይ» እና «ሌይ» ላይ ስትደርስ ግን ተበላሸች (አማርኛችንም እዚህ ጋ አላገዘኝም)። «ሌይ» አንድን ነገር ማስቀመጥ ነው፣ መጋደም ማለት የሆነው «ላይ» ደግሞ ያለፈ ጊዜው ራሱ «ሌይ» ነው፣ ዋናው ጣጣም እሱ ነው፣ እሷ ግን ዘላዋለች። «ቲቪውን ክፈተው» ብለን «ኦፕን» የምንለውንም አልነካችውም፤ «ተርን ኦን» መሆኑን ከልጄ ነው የሰማሁት።

ልምምዶቹ መልስ የላቸውም። የእኔ ቅጂ ደግሞ መሃሉ ላይ ሁለት ቅጠል ተገልብጦ ነው የተጠረዘው፣ ስትገዙ ገለጥ ገለጥ አድርጉ።