እርከን ወይስ ቬቲቨር? ለጅማ ተዳፋት ማሳ

ሐምሌ ላይ፣ ዶፍ ከጣለ በኋላ ከአዌቱ ወንዝ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቅዱ። ቀይ ነው። ትንሽ ሲቆይ ጭቃው ከታች ይዘቅጣል። ያ ጭቃ የማሳችን ለም አፈር ነው፤ ካርቦኑና ብዙው ናይትሮጅን ከእሱ ጋር ተጣብቆ ይሄዳል። ከላይ የጠራው ውሃም ባዶ አይደለም፣ ናይትሬት የሚባል የሟሟ ናይትሮጅን አለበት። ዩሪያ በተነሰነሰ ማግስት ከዘነበማ የሚፈሰው ብር ነው።

ታዲያ በምን እንያዘው? በአፈር እርከን ወይስ ተዳፋቱን አቋርጦ በመስመር በሚተከል ቬቲቨር ሳር?

ወጪ፦ እርከን ጉልበት ይበላል፤ በበጋ በደቦ ካልሆነ አይገፋም። ቬቲቨር ሳር ከነባሩ ተገንጥሎ ይተከላል።

ፍጥነት፦ እርከን በዚያው ክረምት ይሠራል። ሳሩ ጥቅጥቅ ያለ አጥር እስኪሆን አንድ ሁለት ክረምት ይፈልጋል።

ስጋት፦ ዋናው ነገር እዚህ ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። የአፈር እርከን አንድ ቦታ ከተደረመሰ፣ የታቆረው ውሃ ባንዴ ወርዶ ቦረቦር ይከፍታል። ሳይደረመስም የታቆረው ውሃ ናይትሬቱን ይዞ ወደ ታች ይሰርጋል፤ ዞሮ ዞሮ ምንጭ ውስጥ ይገባል። ቬቲቨር ውሃውን አያግድም። ያዘገየዋል፣ ጭቃውን ያስቀራል፣ በጥልቅ ሥሩም ከሰረገው ናይትሬት የተወሰነውን ይመጥጣል። ክፍተት ካለው ግን ጎርፉ በዚያች ቀዳዳ ይሾልካል፤ የደረቀውን ቶሎ መተካት ነው።

ለማን፦ ለቡና ማሳ እኔ ሳሩን እመርጣለሁ። የቡናው ሥር አይቆረጥም፣ ሳሩም ታጭዶ ጉዝጓዝ ይሆናል። ዘንድሮ በቆሎ ለሚዘራበት ተዳፋት እርከን ይቅደም፣ ጠርዙ ላይ ቬቲቨር ይተከልበት። ዩሪያውን ግን በሁለቱም ማሳ ከፋፍላችሁ ስጡ፤ የሟሟውን ናይትሮጅን እርከኑም ሳሩም በደንብ አይዙትም።