የአሉሚኒየም ግሪፐር ለትንሽ ሮቦት፦ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያየሁት

ባለ ሁለት ጎማ ትንሽ ሮቦት ኖሯቸው ግሪፐር፣ ማለትም ዕቃ የሚጨብጥ እጅ፣ ሊገጥሙለት የሚያስቡ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ቡሎኖቹ ይገጥማሉ ወይ?» ብለው ነው። ይገጥማሉ። ካቻቢቴና ፒንሳ ያለው ሰው ከምሳ በኋላ ቢጀምር ሳይመሽ ይጨርሰዋል። በግሪፐሩ መደሰታችሁን ወይም መማረራችሁን የሚወስነው ግን ከቡሎኑ ቀጥሎ የሚመጣው ነው፦ ኤሌክትሪኩን ከየት ትሰጡታላችሁ፣ መንጋጋውስ የት ላይ እንዲቆም ታዙታላችሁ። እነዚህ ሁለቱ ከተስተካከሉ ዕቃው ከዋጋው በላይ ያገለግላል። ካልተስተካከሉ ደግሞ ምንም ያህል ውድ ብትገዙ አይረባም።

የኔው ብራንድ የሌለው ነው። ከታጠፈ የአሉሚኒየም ሉህ የተሠራ ሲሆን በአንድ ኤምጂ996አር ሰርቮ ሞተር (የታዘዘበት ቦታ ድረስ ዞሮ የሚቆም ሞተር) ይንቀሳቀሳል። አንዱን ጣት ሰርቮው ይነዳዋል፤ ሌላው በማርሽ ተያይዞ በተቃራኒው ይከተለዋል። ሙሉ ሲከፈት 5 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይሰፋል፤ ከነሰርቮው 120 ግራም ገደማ ይመዝናል። የገጠምንበት ሮቦት አክሪሊክ ሻሲ፣ ሁለት ቢጫ ባለማርሽ ሞተሮች፣ አንድ ነጻ ዟሪ ጎማ፣ ኮዱ የሚጫንበት አርዱይኖ ኡኖ ቦርድ፣ ጎማዎቹን የሚነዳ ኤል298ኤን የሞተር ድራይቨር፣ ሁለት 18650 ቻርጅ የሚደረጉ ባትሪዎችና ኤችሲ-ኤስአር04 የርቀት ሴንሰር አለው። የምጠቀምበት ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሚሰበሰቡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጋር ነው። ስለዚህ ዕቃው በብዙ ችኩል እጆች አልፏል፤ ተበትኖ ተገጥሟል፣ ከጠረጴዛም ወድቋል። ጥንካሬውን ለመመስከር ከዚህ የተሻለ ፈተና አላገኝም።

አገጣጠሙ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። የሰርቮው ዘንግ 25 ጥርስ አለው። 360ን ለ25 ስታካፍሉ አንዱ ጥርስ 14.4 ዲግሪ ይወጣል፤ ዘንጉ ላይ የሚገባውን ክንድ በአንድ ጥርስ ብቻ ብታዛንፉት መንጋጋው ያን ያህል ይዞራል ማለት ነው። ሰርቮውን ኤሌክትሪክ ሳይሰጡ በግምት ከገጠሙት፣ መንጋጋው ተዘግቶ አልቆ ሰርቮው ግን ገና ግማሽ መንገድ ሊቀረው ይችላል። እኛ የምናደርገው ይህን ነው፦ ሰርቮውን ብቻውን ሰክተን 1,500 ማይክሮ ሰከንድ ላይ እናቆመዋለን (ሰርቮው የት እንደሚቆም የሚያውቀው በሚላክለት ምልክት ርዝመት ነው)፤ ይህ መሃሉ ነው። መንጋጋውን በእጃችን ግማሽ እንከፍትና ክንዱን ከሁሉም ወደሚቀርበው ጥርስ እናስገባለን። ልክ መሃሉን ማግኘት አይቻልም፣ አያስፈልግምም። የተረፈችውን ልዩነት ኮዱ ይሸፍናታል።

ክብደቱን ግን አትናቁት። 120 ግራም ከፊት ሲንጠለጠል፣ ነጻ ጎማው ከኋላ ከሆነ፣ ሮቦቱ ድንገት ሲቆም አፍንጫው መሬት ይነካል። ሻሲውን አዙረን ነጻ ጎማው ከግሪፐሩ ሥር እንዲውል አደረግን፤ ባትሪዎቹን በሁለቱ ነጂ ጎማዎች መሃል አስቀመጥን። ከዚያ ወዲህ ችግር የለም።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ። ከዕቃው ጋር የመጣው ወረቀት ሰርቮውን ከአርዱይኖው 5 ቮልት ፒን ላይ እንድትሰኩ ያሳያል። ባዶውን ሲከፍትና ሲዘጋ ይሠራል፤ ለዚህ ነው ሰው የሚታለለው። እኛ የሞከርነው በሲኒ ነበር። ሮቦቱ ወደ ሲኒው ተጠግቶ መንጋጋውን መዝጋት ይጀምራል፣ ጣቶቹ ሲኒውን ነክተው ጠበቅ ሲያደርጉ ቦርዱ ላይ «ኤል» የምትባለው መብራት ብልጭ ብልጭ ትላለች፣ መንጋጋው ወለል ብሎ ይከፈታል፣ ሲኒው ይንከባለላል። ከዚያ ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ይጀምራል። ኮዱን የጻፈችው ልጅ «ቲቸር፣ ሲይዝ ይሞታል፤ ምኑን ነው ያበላሸሁት?» አለችኝ። «አብሽሪ፣ ኮድሽ ደህና ነው» አልኳትና ቴስተሩን ሰጠኋት። ቴስተሩን 5 ቮልቱ ላይ አድርጋ ደግማ ስታስይዘው ቁጥሩ ዘጭ ሲል አየችው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኤምጂ996አር በ6 ቮልት ሲሠራ አንድ ነገር አግዶት ከቆመ፣ አምራቹ እንደሚለው እስከ 2.5 አምፔር ይስባል። የኡኖ የዩኤስቢ መስመር ፊውዙ 500 ሚሊ አምፔር ነው። ኤል298ኤን ቦርድ ላይ ያለችው 5 ቮልት ሰጪም ከግማሽ አምፔር የማታልፍ ናት። ሰርቮው ሲጨብጥ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ የአርዱይኖው ቺፕም ራሱን ያጠፋና ዳግም ይነሳል። ባትሪዎቹን በቀጥታ ሰርቮው ላይ መስካትም አይሆንም፤ ሁለቱ 18650 በተከታታይ ሙሉ ሲሆኑ 8.4 ቮልት ይሆናሉ፣ ሰርቮው የሚችለው ግን እስከ 7.2 ነው።

መፍትሔው ኤልኤም2596 የምትባል ቮልቴጅ ማውረጃ ሞጁል ናት። ከባትሪው ተቀብላ፣ በላይዋ ያለችውን ትንሽ ቡሎን በካቻቢቴ እያዞራችሁ 6 ቮልት ላይ ታቆሟታላችሁ፤ ሰርቮውን ሳትሰኩ በቴስተር እያያችሁ። ከሰርቮው ጎን 1,000 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር እንጨምራለን፤ ሰርቮው በሚነሳባት ቅጽበት የሚፈልገውን የምትሰጠው እሷ ናት። የካፓሲተሩን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ አታምታቱ። የሰርቮው ቡናማ ሽቦ፣ የማውረጃው ኔጋቲቭና የአርዱይኖው ግራውንድ አንድ ላይ መገናኘት አለባቸው። ካልተገናኙ ብርቱካናማው ሽቦ የሚያመጣው ትእዛዝ መነሻ ስለማይኖረው ሰርቮው ዝም ብሎ ይንቀጠቀጣል። ይህ ከተሠራ ወዲህ ሮቦቱ ሲኒ ሲይዝ አንድም ቀን ራሱን አጥፍቶ አያውቅም። ሻጩ እነዚህ ሁለት ዕቃዎች እንደሚያስፈልጉ ሳይነግረኝ ግሪፐሩን መሸጡ ግን አሁንም ቅር ይለኛል፤ ዋጋቸው ከግሪፐሩ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው፣ ያለ እነሱ ግን የገዛሁት ዕቃ አይሠራም።

ኮዱን በተመለከተ መጀመሪያ የሚያደናግረው ከግሪፐሩ ጋር የሚገናኝ የማይመስል ነገር ነው። ኡኖ ላይ የሰርቮ ላይብረሪው (ሰርቮን የሚያዝ ዝግጁ ኮድ) ታይመር 1 የሚባለውን የቦርዱን ጊዜ ቆጣሪ ለራሱ ይወስዳል። በዚህ ምክንያት ሰርቮው የትም ፒን ላይ ይሰካ፣ ፒን 9 እና 10 ላይ አናሎግ ራይት፣ የሞተር ፍጥነት የምናዝበት ትእዛዝ፣ አይሠራም። የሞተር ድራይቨራችሁ የፍጥነት መስመሮች እነዚያ ፒኖች ላይ ከሆኑ፣ እስከ ትናንት ቀጥ ብሎ ይሄድ የነበረ ሮቦት ግሪፐር ስትጨምሩለት በድንገት ፍጥነቱ አልታዘዝ ይላል። ብዙ ሰው ሞተሩ የተቃጠለ ይመስለዋል። መስመሮቹን ወደ 5 እና 6 አዛውሯቸው፤ ያልቃል።

ዋናው የኮድ ሥራ ግን የመዝጊያውን ልክ ማግኘት ነው። ይህ ሰርቮ ምን እንደያዘ አያውቅም። የተባለው ቦታ እስኪደርስ ይገፋል፤ ሲኒው መሃል ገብቶ ሲከለክለው ያለ የሌለ ኃይሉን ያወጣል፣ ያቃስታል፣ ይግላል፣ ባትሪውን ይጨርሳል። ስለዚህ «ሙሉ በሙሉ ዝጋ» የሚል ትእዛዝ ኮዳችን ውስጥ የለም። በዲግሪ ፋንታ በማይክሮ ሰከንድ ነው የምንጽፈው፤ ላይብረሪው ከ0 እስከ 180 ዲግሪን ከ544 እስከ 2,400 ማይክሮ ሰከንድ ስለሚዘረጋው አንዱ ዲግሪ 10 ያህል ይሆናል፣ በማይክሮ ሰከንድ ደግሞ ከዚያም ባነሰ እርምጃ መሄድ ይቻላል። ተማሪዎቹ በሲሪያል ሞኒተር (ከኮምፒውተር ለቦርዱ በሚጻፍበት መስኮት) ቁጥሩን ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ ጣቶቹ ዕቃውን ሲነኩ ያቆማሉ፣ ከዚያ አንድ ሁለት እርምጃ ይጨምራሉ፣ ያችን ቁጥር በዕቃው ስም ያስቀምጧታል። በኛው ላይ ሲኒ 1,720 አካባቢ ነው፣ የባዶ የውሃ ጠርሙስ አንገት ደግሞ 1,900። ቁጥሮቹ የእናንተን አይገልጹም፤ ክንዱ በገባበት ጥርስ ይለያያሉ።

ከዚህ ሌላ ሁለት ትናንሽ ልማዶች አሉን። አንደኛው፣ አታች ከማለታችን፣ ማለትም ለሰርቮው ምልክት መላክ ከመጀመራችን፣ በፊት የመክፈቻውን ቁጥር እንጽፋለን። አለበለዚያ ሰርቮው በተነሳ ቁጥር 1,500 ላይ ዘሎ ይቆማል፣ ጣቱን መሃል ያስገባ ልጅ ካለ ይቆነጥጠዋል። ሁለተኛው፣ ቀላል ነገር ይዞ ከቆመ ዲታች እናደርገዋለን፤ ምልክቱን እናቆምለታለን ማለት ነው። የሰርቮው ማርሾች ወደ ኋላ በቀላሉ ስለማይዞሩ ሲኒን የመሰለ ቀላል ዕቃ ያለ ኤሌክትሪክም ይዘው ይቆያሉ፣ ሰርቮውም ያርፋል።

ያልጠበቅነው የርቀት ሴንሰሩ ነው። ኤችሲ-ኤስአር04 ድምፁን ወደ 15 ዲግሪ በሚሰፋ ጨረር ነው የሚልከው፤ ከመንጋጋው ኋላ ሲሆን የሚያየው የራሱን ጣቶች ነው። ሮቦቱ ባዶ ክፍል ውስጥ ቆሞ «ከፊቴ ዕቃ አለ» ይላል። ከፍ አድርገን ከግሪፐሩ በላይ፣ ትንሽ ወደ ታች አዘንብለን አሰርነው። ኮምቦልቻ ይዘነው ስንወርድ ተማሪዎቹ «ከፍታው ሲለያይ ንባቡ አይዛባም ወይ?» ብለው ተከራክረው ነበር። የድምፅ ፍጥነት የሚለወጠው በአየሩ ሙቀት ነው፣ በከፍታ ምክንያት የሚመጣው የአየር ግፊት ለውጥ አይነካውም። የ10 ዲግሪ ልዩነት ቢኖር እንኳ በሰከንድ 6 ሜትር ያህል ነው የሚጨምረው፤ ከ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ 2 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ለግሪፐር ሥራ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ጥያቄው ግን ደስ ብሎኛል፤ ከነሱ መሃል ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መግባት የሚመኙ አሉ፣ እንዲህ የሚጠይቅ ልጅ ይሳካለታል።

ስለ አያያዙ በግልጽ ልናገር። ባዶው አሉሚኒየም ቀለም የተቀባ ሲኒ ላይ ይንሸራተታል። ከአሮጌ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ሁለት ቁራጭ ቆርጠን በማስቲሽ ለጠፍንበት፤ ለውጡ የሰማይና የምድር ነው። ግሪፐሩ ቁመቱን ከወለል አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል አድርገን ስለገጠምነው ሲኒውን የሚይዘው ከታች፣ ጠበብ ካለበት ነው፤ አፉ ላይ ቢሆን አይበቃውም። ግማሽ ሊትር የውሃ ጠርሙስንም ከወገቡ መያዝ አይችልም፣ ከአንገቱ ግን ይችላል። ደግሞም ይጨብጣል እንጂ አያነሳም። ሲኒውን ይዞ ወለል ላይ እየጎተተ ነው የሚወስደው። ሲሚንቶና ሴራሚክ ላይ ግሩም ነው፣ ምንጣፍ ላይ ሲኒው ይገለበጣል፣ ቄጠማ በተጎዘጎዘበት ወለል ላይ ደግሞ ነጻ ጎማው ተተብትቦ ይቆማል። ለማንሳት ሁለተኛ ሰርቮ ያለው ክንድ ያስፈልጋል፤ ይህ ሮቦት ያን ክብደት አይችለውም።

ከወራት በኋላ ምን ተጎዳ? አሉሚኒየሙ ምንም አልሆነም። የጣቶቹ መገጣጠሚያ ቡሎኖች በንቅናቄው ይላላሉ፤ አጥብቃችሁ ጫፉ ላይ የጥፍር ቀለም ጠብ ብታደርጉበት ይይዛል፣ መፍታት ስትፈልጉም አያስቸግርም። ብዙ ማጥበቅ ግን ጣቶቹን ስለሚያደነድን ሰርቮውን ያለ ሥራው ያደክመዋል። የሰርቮው ገመድ ከሻሲው ጋር በሚተሻሽበት ቦታ ውስጡ ተበጥሶ ነበር፤ ከላይ ሽፋኑ ደህና ስለሚመስል ለማግኘት ብዙ አድክሞናል። አዲሱን በፕላስቲክ ማሰሪያ ሁለት ቦታ አሰርነው። ሰርቮው ራሱ የመዝጊያው ቁጥር አካባቢ ሲደርስ አሁን አሁን ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ውስጡ ያለው ቦታ መለኪያ አንድ ቦታ ላይ ብዙ ስለሠራ ተበልቷል ብዬ አስባለሁ። ሥራውን አላቆመም። የጎማ ቁራጮቹ ይላጣሉ፣ በቀላሉ ይቀየራሉ።

እንግዲህ ልግዛው ለምትሉኝ፦ ሮቦታችሁ ባለ አራት ጎማ ከሆነ ወይም ባትሪው ጠንካራ ከሆነ ይህንኑ ግዙ፤ ኤልኤም2596ዋንና ካፓሲተሩን አብራችሁ። እንደኛው ትንሽ ባለ ሁለት ጎማ ከሆነና የምትይዙት ሲኒና የጠርሙስ ክዳን የመሰለ ቀላል ዕቃ ከሆነ ግን በኤምጂ90ኤስ የሚሠራው የፕላስቲክ ግሪፐር ይሻላችኋል፤ ሰርቮው 14 ግራም እንኳ አይሞላም፣ የኤምጂ996አር ግን 55 ነው። ኤስጂ90 የሚሉትን አትግዙ፤ ማርሹ ፕላስቲክ ስለሆነ ልጆች አንድ ጊዜ በእጃቸው ጣቶቹን ፈልቅቀው ሲከፍቱት ጥርሱ ይረግፋል። ለሁለተኛው ሮቦታችን ያዘዝነው በኤምጂ90ኤስ የሚሠራውን ነው፣ ሁለት መለዋወጫ ሰርቮ ጨምረን፤ ዕቃው ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ስለሚመጣ አንዲት ሰርቮ በተበላሸች ቁጥር ቅዳሜያችን ባዶ እንዲያልፍ አልፈልግም።